የአዲሱ ብስክሌት ፍሬን

ዛሬ አዳማ ገበያ የማላውቃትን ወጣት ብስክሌት በሁለት እጄ ይዤ አልለቅም አልኩ።

ከቅናሽ ሱቅ ገዝታ እዚያው ላዩ ላይ ወጥታ ነበር። ፍሬኑን ብጨብጠውም ጎማው ይሽከረከራል።

ሻጩ «እናቴ፣ ይልቀቁላት እንጂ! አዲስ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

«የልጄም አዲስ ነበር» አልኩት።

ብስክሌቱ ተፈታቶ ይመጣል፤ ሱቁ ይገጣጥመዋል፤ ፍሬኑን ማስጠበቅ ግን ለገዢው የተተወ ነው። ይህን የሚናገር የለም። ልጄ ዮናስ አምና ከሱቁ እየነዳ ወጣ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘለትም፤ ቤት ሳይደርስ ቀረ። ገዝቶ ሲደውልልኝ እኔ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ብቻ ነበር የጠየቅኩት።

ልጅቷ ወረደች። «እሺ እማዬ፣ እየገፋሁ መካኒክ ጋ እወስደዋለሁ» አለችኝ። ሻጩ ይባስ ብሎ ሄልሜት በቅናሽ ሊሸጥላት ሞከረ!

እናንተስ ብስክሌት ስትገዙ ስለ ፍሬኑ የነገራችሁ ሰው ነበር? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነባለሁ።