የዓለምወርቅ ሳትቆጣ የዋለችበት ቀን

ሽሮ ሜዳ ውስጥ የዓለምወርቅን ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እሷም እኔም ነጠላ እንሸጣለን። ደንበኛ ሸኝታ ስትመለስ እኔ ሱቅ ጎራ ትልና ጥለቱን ታገላብጣለች። «ገበያነሽ፣ ይሄን የሸመነው ሰው ዓይን የለውም?» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል።

በልቧ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ሆስፒታል ስትገባ ቀኑ አልመሽ አለኝ። ሐኪሞቹ ውሃውን በመርፌ ከቀዱ በኋላ፣ የቀረው እንዲወርድ ደረቷ ላይ ቀጭን ቱቦ ከነከረጢቱ ተዉላት። ከአልጋ እንዳትነሳም ነገሯት። ለማን ነው የሚነግሩት። በማግስቱ ቱቦው እየተጎተተ ቢያስቸግራት፣ በነጠላዋ ደረቷ ላይ ጥፍንግ አድርጋ አስራው ኮሪደሩን ስትዞር አረፈደች።

ከሰዓት ስሄድ የልጇ የሩታ ፊት በርቷል። «እትዬ፣ ደረቀላት። ጠዋት ከተደፋ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም» ብላ ባዶውን ከረጢት አሳየችኝ። የዓለምወርቅ ትነሳለች፣ ትተኛለች፣ ጋቢውን ትገፋለች፣ መልሳ ትስባለች። «ያው እንደሚያውቋት ነው፤ ሱቋ ናፍቋት ነው» አለች ሩታ እየሳቀች።

እኔም ልስቅ ነበር። ላናድዳት ብዬ ጥለቱ የተንሻፈፈ፣ ገዢ ያጣ ነጠላ ይዤላት ሄጃለሁ። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ጥለቱን ዳሰሰችው፣ አየችውም። ምንም አላለችም። ግንባሯ ቀዝቃዛ ላብ አውጥቷል። ያኔ ፈራሁ።

ነርሷን ሚልካን ይዣት መጣሁ። «አልተቆጣችኝም» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። ደግነቱ አልሳቀችብኝም። የተገተረውን የአንገቷን ደም ሥር አየች፣ ጋቢውን ገልጣ ያንን እስር ፈታች። ቱቦው ከስር ታጥፎ ተጣብቋል።

«አልደረቀም። መውጫ አጥቶ ልቧን እያፈናት ነው» አለችና ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

አስወጡን። አሁን ደግሞ እኔ አልቀመጥ አለኝ፤ እንደ እሷ ኮሪደሩን እዞር ጀመር። እሷ ከሌለች ያንን ሱቅ እንዴት አድርጌ እከፍታለሁ? ማን ይናገረኛል?

ሐኪሙ ቱቦውን አቃንቶ፣ ውስጡ የረጋውን አጥቦ ሲከፍተው ውሃው እንደገና ወረደ። ስንገባ ከረጢቱ ተጋምሷል። የዓለምወርቅ ዓይኗን ገልጣ አጠገቧ የተቀመጠውን ነጠላዬን በጣቷ ሳብ አደረገችው።

«ገበያነሽ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ይሄን ለሰው ልትሸጪ ነው?»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለች ሩታ ደንግጣ።

እንባዬ እየወረደ ነበር። «ተያት፣ ትናገረኝ» አልኳት።