ባለ ረጅም ቱቦው ጠመንጃ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ሁለት ሰዎች ስለ ጠመንጃ ሲከራከሩ ያይ ነበር። «አክስቴ፣ የጋዝ ቱቦው አጭር ሲሆን ነው የሚሻለው ወይስ ረጅም?» አለኝ፣ እንደማላውቅ እርግጠኛ ሆኖ። ሳቄ መጣ። እሱ ሳይወለድ እኔና አባቱ በጠመንጃ ተኳርፈን እናውቃለን።

ያኔ በስደት፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር ነበርን። ታላቅ ወንድሜ፣ የልጁ አባት ጋሼ ማቴዎስ፣ እዚያ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው፤ እኔ እሸጥለት ነበር። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች ገብተው ሱቁን ዘረፉት። ማንም አልተጎዳም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በር በተላተመ ቁጥር ባንኮኒው ሥር እደበቅ ጀመር። ከእኛ ዳቦ የምትገዛው የአገሩ ሴት ማ ታንዲ ይህን አይታ፣ ኢላማ ተኩስ ወደምታሠለጥንበት ክበብ ወሰደችኝ። «የተኩስ ድምፅ ራስሽ ስታወጪው ሌላ ነው፤ ፍርሃቱ ይለቅሻል» አለችኝ።

ጋሼ ተቆጣ። «ከጠመንጃ አምልጠሽ ወደ ጠመንጃ?»

ጥቅምት ነበር፤ ከከተማ እስክንወጣ መንገዱ የጃካራንዳ አበባ ተነጥፎበታል። ተኩሱ ግን ደስ አይልም። የሰጡኝ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ዐይኔን ሳልጨፍን ቃታ መሳብ አቃተኝ። የክበቡ ፈተና ቀን ጋሼ ራሱ በመኪናው አደረሰኝ። «ሞክሪና እንሂድ፤ ሁለተኛ እዚህ አትመጪም።»

ማ ታንዲ የበለዘ ትከሻዬን አየች። «ሃይቦ!» ብላ በአገሯ ቋንቋ ተደነቀች፤ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለችና የሁለት ጠመንጃዎችን የፊት መሸፈኛ ፈትታ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። ጥይቱ የሚያልፍባቸው በርሜሎች እኩል ናቸው፤ ከላያቸው የተጋደመው ቀጭን ቱቦ ግን በእኔኛው አጭር፣ በሌላው ረዘም ያለ ነው።

«ጥይቱ ሲያልፍ ከተቃጠለው ባሩድ ትንሽ ጋዝ በርሜሉ ላይ ባለው በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ በቱቦው ወደ ኋላ ይመጣል። ባዶ ቀለሁን አስወጥቶ ሌላ ጥይት የሚያጎርሰው እሱ ነው። ቀዳዳው ለጥይቱ መነሻ ሲቀርብ ጋዙ ገና ኃይለኛ ነው፤ ይመታል። ሲርቅ በረድ ብሎ ይገፋል።»

ጋሼ ሳያስበው ጠጋ አለ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ እያለ የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። «ታዲያ ሁሉንም ለምን ረጅም አያደርጉትም?»

«ደካማ ጥይት ከገጠመው አቅም ያንሰዋል፤ ቀለሁን በደንብ አያስወጣም። አጭሩም ቢሆን ሰደፉ ውስጥ ምቱን የሚቀንስ ከበድ ያለ ማብረጃ ቢገባለት ይሻለዋል።»

«የግፊት ነገር ነው በይኛ!» አለ ጋሼ፣ ፊቱ በርቶ።

ባለ ረጅሙን ይዤ ተኮስኩ። ገፋ አደረገኝ እንጂ አልመታኝም። ዐይኔ አልተጨፈነም! መሃል ላይ አንድ ቀለህ ተወትፎ ቀረ። አልደነገጥኩም። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ፣ እንደተማርኩት አውጥቼው ቀጠልኩ። የኢላማው ወረቀት ሲመጣ ቀዳዳዎቹ መሃሉ ላይ ተሰብስበው ነበር። አለፍኩ!

ጋሼ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። «እስቲ እኔም ልሞክር» ብሎ ተኮሰና ከኢላማው ጀርባ ያለውን አፈር ብቻ አቦነነው። ማ ታንዲ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ሥጋ በከሰል ጠብሰን ፓፕ በሚሉት የበቆሎ ገንፎ በላን፤ ነጎድጓዱ ሲያጓራ ሳህናችንን ይዘን ቆርቆሮ ሥር ሮጥን። ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ተኩሱን ከተውኩ ቆይቷል፤ ጠመንጃ ዛሬም አልወድም። አሁን ቤሪያ በሚባል ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አዲስ የገባች ልጅ ስፌት ሲጣመምባትና ዕንባዋ ሲመጣ፣ እሷን ከመቆጣቴ በፊት ተነሥታ እንድታሳየኝ እጠይቅና እኔው የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብዬ እሰፋበታለሁ። ስንቱ ጎበዝ የማይሆነው ዕቃ ይዞ ሰነፍ ነኝ ብሎ ቀርቷል እላለሁ።