ፈተናው እስኪያልቅ

የወይንሐረግ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ በማጠብ የምትተዳደር ሴት ነበረች። አንሶላ ስታጥፍ ጠርዙ ከጠርዙ ካልገጠመ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። አንድ ጊዜ የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር። እንግሊዝኛው እየገባት ሳለ ተጨማሪ ፈረቃ መጣ፣ ቀጥሎ የሰው ሠርግ፣ ቀጥሎ የሰው ለቅሶ። አንዱን ሳምንት ቀረች፣ በሚቀጥለው መምህሯን ማየት አፈረች፣ በዚያው ተወችው። ስለዚህ ፋና ዲቪ ደርሷት መጥታ አብራት መኖር ስትጀምር፣ «ይቺስ እንደኔ መንገድ ላይ አትቀርም» ብላ በልቧ ማለች።

ፋና የደሴው መምህር ወልደአምላክ ልጅ ናት። የወይንሐረግንም ፊደል አስቆጥረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ያደረሷት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸውን ሲልኩ፣ «አደራ፣ ትምህርቷን ትጨርስ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ በስልክ ነግረዋታል።

ፋና ነርስ ልትሆን ኮሌጅ ገባች። እዚያ የተማሪዎች አማካሪ የሆነች አንዲት ሴትዮ ግብን ስለማስቀመጥና ጊዜን ስለመከፋፈል አስተማረቻቸው። ፋና በዚያው ቀን ትልቅ ወረቀት ገዝታ ሳምንቷን በሳጥን በሳጥን ከፍላ ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ከላይ በትልቁ «ነርስ» ብላ ጻፈች። ባዮሎጂ ቢጫ፣ ሒሳብ ሰማያዊ፣ ካፌ የምትሠራበት ሰዓት ቀይ፣ እሑድ እሑድ አባቷ ጋ የምትደውልበት አረንጓዴ ሆነ።

«እኔ የታለሁ?» አለች የወይንሐረግ፣ መነጽሯን አድርጋ እየፈለገች።

«ይኸው፣ ቡኒዋ! እራት ላይ ነሽ።»

«ወጥ አደረግሽኝ እኮ!»

«ወጥማ ባይኖር ማን ያጠናል፣ የወይንዬ?»

የወይንሐረግ ወረቀቱን ከፋና በላይ ወደደችው። በጥናት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ትዘጋለች፣ ስልኩን በሹክሹክታ ታነሳለች፣ የመጣ እንግዳ ካለ ኮሪደር ላይ አናግራ ትሸኛለች። እሷ ያጣችው ጊዜ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰድሮ የተቀመጠ ይመስላት ነበር።

በ1997 ታኅሣሥ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ ፋና አረንጓዴውን ሳጥን በቢጫ ሸፈነችው።

«አባባ ራሱ ጊዜ ሲባክን አይወድም። ፋይናል እስኪያልቅ ስልክ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ወሬ የለም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትጥሪኝ።»

«ቤቱ ቢቃጠል እኔም እኮ ውስጡ ነኝ!»

«ውኃ ድፊበታ! እኔን ግን አትጥሪኝ።»

ተሳሳቁ።

ፈተናው የሚጀምርበት ሰኞ ጠዋት፣ ፋና ላይብረሪ እንደሄደች ስልክ ተደወለ። የፋና ወንድም በፈቃዱ ነው፣ ከደሴ።

«እትዬ የወይንሐረግ፣ አባባ ደክሟል። ከሐኪም ቤትም ወደ ቤት መልሰውታል። የፋናን ድምፅ ልስማ እያለ ነው። ይኸው፣ አንቺንም ያናግርሽ።»

«የወይንሐረግ» አሉ መምህሩ፣ ክፍል ውስጥ ይጠሯት እንደነበረው ከነሙሉ ስሟ። «ልጅቷ የለችም?»

«ላይብረሪ ናት ጋሼ። ፈተና ላይ ናት፣ ዓርብ ትጨርሳለች። ሄጄ ልጥራት?»

መልስ ከመምጣቱ በፊት ትንፋሻቸው ተሰማት። እርጥብ ጨርቅ የሚጎተት ይመስል ነበር።

«ዓርብ? እንግዲህ … ካለቀ በኋላ ትደውል።»

በፈቃዱ ስልኩን ተቀብሎ ራቅ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳያስቸግር ብሎ ነው እንጂ ልቡስ እንደሱ አይደለም። ዛሬውኑ ትደውልለት፣ እባክሽ።»

የወይንሐረግ ስልኩን ዘግታ ቆመች። ዓርብ ሩቅ አይደለም አለች። እሳቸውም እኮ በአፋቸው ካለቀ በኋላ ብለዋል። ቃላቸውን ያዘችና ትንፋሻቸውን እንዳልሰማች ሆነች።

ፋና ማታ ስትገባ የአጥንት ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች በአንድ እጇ ይዛ ቆማ መብላት ጀመረች።

«ፋንዬ …» አለች የወይንሐረግ።

«ወዬ። ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሟርተኛ! ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው። ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

ፋና ካርዷን ገለበጠች። ቃሉ የወይንሐረግ አፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ረቡዕ በፈቃዱ እንደገና ደወለ። መምህሩ አርፈዋል።

የወይንሐረግ የምታማክረው ሰው አጥታ አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው ለእንግዳወርቅ ደወለች። እንግዳወርቅ የደሴ ልጆችን ማኅበር የምታስተባብር፣ መርዶ ሲኖር ሰው የምትሰበስብ ቆፍጣና ሴት ናት።

«አሁን ብትነግሪያት ምን ልታተርፊ?» አለች እንግዳወርቅ። «ፈተናዋን ትጨርስ። ቅዳሜ በጠዋት መጥተን እናረዳታለን።»

«ሰኞ ደውለው ነበር እኮ …»

«እሱን ደግሞ ምን ያስወራሻል? ዝም በይ!»

ዝም አለች። ግን እንባው ዝም አልላት ሲል ንጹሕ ፎጣዎች ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረደች። ፎጣዎቹን ማድረቂያው ውስጥ ከትታ ሳንቲም ጨመረችበትና፣ ማሽኑ ሲጮኽ እሷም አለቀሰች። ሲያቆም ዓይኗን ጠርጋ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋና እየዘለለች ገባች። ከታች ካለው ሱቅ የስልክ ካርድ ገዝታለች።

«አለቀ! የወይንዬ፣ አለቀ! ባዮሎጂውን በላሁት! አሁን ለአባባ ልንገረው» ብላ ካርዱን በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

የወይንሐረግ እጇን ስልኩ ላይ አሳረፈች። «እዚያ እኮ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ለምን ትቀሰቅሻቸዋለሽ?»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው። ይተኛ፣ ነገ ስነሳ እደውላለሁ» አለችና ጉንጯን ስማት ልትተኛ ሄደች። ያን ሳምንት ደህና እንቅልፍ አልተኛችም ነበር።

ለምን ትቀሰቅሻቸዋለሽ። የወይንሐረግ ከተናገረችው ሁሉ እንደዚህች ቃል ያቃጠላት የለም። እንዲያ ያለ ውሸት ከአፏ መውጣት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያና ከውድብሪጅ የመጡት መኪኖች ከበሩ ፊት ለፊት ቆሙ። እንግዳወርቅ ሰዎቹን አስከትላ ገባች። ፋና በቢጃማ ሆና የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቁጥር ትመታ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየች። ጣቷ ቁጥሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አባባ?» አለች።

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ፋና ከወንድሟ ጋር ተነጋገረች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«ሰኞ ደውሎ ነበር?»

«አዎ።»

«አናገረሽ?»

«አናገሩኝ። ካለቀ በኋላ ትደውል አሉ። እኔም ግብሽን … ፈተናሽን ብዬ …»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ፋና ግን አልጮኸችም።

«ብትነግሪኝ ምናልባት ደውዬለት ተመልሼ አጠና ነበር። ምናልባት ፈተናውን እርግፍ አድርጌ እተወው ነበር። ምናልባትም፣ አንድ ቀን ነው፣ ይቆይ ብዬ መጽሐፌን እገልጥ ነበር። አትጥሪኝ ያልኩሽ እኔው ነኝ። የትኛዋ እንደሆንኩ ግን አላውቅም። እንግዲህ መቼም አላውቅም።»



ፋና በዚያ ሴሚስተር በሁሉም ትምህርት ኤ አገኘች። በጸደዩ ክፍል ተካፋይ አገኘሁ ብላ ለትምህርት ቤቷ እንኳ ወደማይቀርበው አሌክሳንድሪያ ገባች። ስትሄድ ሳህኑን ሁሉ አጥባ፣ ወለሉን ወልውላ ነው። በየበዓሉም እየመጣች ትጠይቃታለች።

በ1999 ስትመረቅ ማኅበሩ ፌርፋክስ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ድግስ አደረገላት። ነጭ ካባዋን ለብሳ፣ ማይክሮፎኑን ይዛ ምስጋናዋን አቀረበች። በመጨረሻ ወደ የወይንሐረግ ዞረች።

«እትዬ የወይንሐረግ፣ እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር። እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ብላ ጎንበስ አለች።

ሰዉ አጨበጨበ። እንግዳወርቅ የወይንሐረግ አጠገብ ተቀምጣ ነበርና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አየሽ ጨዋነት? አሜሪካ ያላበላሻት ልጅ! በሰው ፊት አንቱ አለችሽ።»

«ብቻችንን ስንሆንም አንቱ ነው የምትለኝ» አለች የወይንሐረግ።

«ታድለሽ!» አለችና እንግዳወርቅ ማጨብጨቧን ቀጠለች።