ከመና አፈር ጋር የመጣው እባብ

የአባቴን እህት አዳዳ ነው የምላቸው። ደሎ መና ቆላ ተወልደው ጎባ ብርድ ውስጥ ያረጁ ሴት ናቸው። የጎባን አፈር ግን እስካሁን አላመኑትም። ለአበባ ማሰሮዎቻቸው በየዓመቱ አንድ ጆንያ አፈር ከመና በጭነት መኪና ያስመጣሉ። ጆንያውን የሚሞሉላቸው እዚያው የቀሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው።

«አፈሩ ከሚመጣ እርስዎ ቢሄዱስ?» ስላቸው፣ «መንገዱ ላይ ያለውን የሳነቴ ተራራ ብርድ ጉልበቴ አይችለውም» ይሉኛል።

እህታቸው ዓይናቸው እየደከመ ነው። አርብ አርብ ደውለው «ሳላይሽ ልሞት ነው?» ይላሉ። አዳዳም «ኢንሻአላህ እመጣለሁ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት ዓመት አለፈ።

እኔ ሮቤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ቅዳሜ አዳዳ ግቢ ጆንያውን ስዘረግፍ ትል የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ላነሳው ጎንበስ ስል ምላሱን ብልጭ አደረገ። ትል ደግሞ ምላስ የለውም! መምህርነቴን ረስቼ ወንበር ላይ ወጣሁና «እባብ! እባብ!» እያልኩ ጮኽኩ።

አዳዳ እስኪያነቡ ሳቁ። «ይሄማ ዕውሩ እባብ ነው! ልጅ ሳለን ከእህቴ ጋር እጃችን ላይ እየጠቀለልነው እንጫወት ነበር» አሉና አንስተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት።

ትምህርቴ የተመለሰልኝ እዚያው ወንበር ላይ እንደቆምኩ ነው። መርዝ የለውም፤ አፉም ሰው ለመንከስ አይበቃም። ሞቃት አፈር ውስጥ የጉንዳንና የምስጥ እንቁላል እየለቀመ ይኖራል። የጎባ ውርጭ አገሩ አይደለም።

«ለተማሪዎቼ አልኮል ውስጥ ላስቀምጠው» አልኩ።

«ዋ! የአገሬን ልጅ? አገሩ ይገባል እንጂ!»

«እሺ፣ እኔ አደርሰዋለሁ።»

እኔንም ወንበሩንም አዩ። «አንተ? አቦ ተወኝ!»

በማግስቱ አብረን ወደ መና በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ አዳዳ ከፊት ተቀመጡ። እባቡ ክዳኑ በተበሳሳ የማር ዕቃ ውስጥ፣ አፈሩን ተከናንቦ፣ ጭናቸው ላይ ነው። ሳነቴ ላይ ስንደርስ «እንዳይበርደው» ብለው ዕቃውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ስለ ጉልበታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። የሪራን መንደር አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ሲቀበለን መስኮቱን ከፍተው በኦሮምኛ ያንጎራጉሩ ጀመር። የእሳቸው ደስታ እኔንም ያዘኝ።

እህታቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ቀና አሉ፤ ማን እንደሆነ ግን አልለዩም። አዳዳ ምንም ሳይናገሩ የእህታቸውን እጅ ያዙና እባቡን መዳፋቸው ላይ አኖሩት። አሮጊቷ በጣታቸው ዳሰሱት። አንዴ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ እባቡን ለቀው የአዳዳን ክንድ ጨበጡ።

«ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! አንቺ ነሽ!»

ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። እባቡን ከመሬት አንስቼ ደጁ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ በባዶ እጄ።

ከዚያ ወዲህ አፈሩ በጭነት መኪና አይመጣም። አዳዳ ራሳቸው ሄደው ነው የሚያመጡት።