ሽሮ ሜዳ በካልጋሪ ጉምሩክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ግሬግ እንደ ጡብ የከበደ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። "ታሪፉ ይኸውልሽ። መጀመሪያ የዕቃውን ቁጥር ፈልጊ፤ ከዚያ የተሠራበትን አገር እይ። አገሩ ዓምዱን ይነግርሻል፤ ዓምዱ ቀረጡን" አለኝና ስልኩን ሊያነሳ ሄደ።

ዓምዶቹ ብዙ ነበሩ። አንዱ ለአብዛኛው አገር፣ አንዱ ለአሜሪካ፣ አንዱ ለደሃ አገሮች፤ አንዱ ደግሞ እንግሊዝ ትገዛቸው ለነበሩ አገሮች፣ ቀረጡ ቀነስ ያለ። የቁጥሩን ነገር ትቼ የአገሮቹን ዝርዝር በጣቴ ተከትዬ ኢትዮጵያን ፈለግሁ። በእንግሊዝ ዓምድ ሥር ኬንያ አለች፣ ጋና አለች፣ ህንድ አለች፤ የእኛ ቦታ ባዶ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የምነግረው ሰው ባገኝ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ያ ባዶ ቦታ ዋጋ ያስከፍላል ብዬ ያኔ አላሰብኩም።

ቢሮው ካናዳ፣ ካልጋሪ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነበር፤ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ እናስወጣለን። ጀማሪ ወረቀት ይዞ ወደ ጉምሩክ መስኮት ይመላለሳል። ከእሱ በላይ ሬተር አለ፤ ዕቃውን መድቦ ቀረጡን የሚያሰላው ነው። ከሁሉ በላይ ፈተና አልፎ ፈቃድ የያዘው ብሮከር። እኔ እግሬ እስኪቀጥን ከተመላለስኩ በኋላ ሬተር ሆንኩ፤ ለፈቃዱም ማጥናት ጀመርኩ።

ያገሬ ሰዎች "ካስተምስ ብሮከር ቤት ነው የምሠራው" ስላቸው የቤት ደላላ አደረጉኝ። "ቴምፕል ሰፈር የሚከራይ ቤዝመንት ካገኘሽ ኮል አድርጊልኝ" የሚለኝ ብዙ ነበር። በኋላ "ትራንዚተር ነኝ" ማለት ጀመርኩና ተገላገልኩ። ትራንዚተርን አዲስ አበባ ያላወቀ የለም።

የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው የአሜሪካ የነዳጅ ቱቦ ነበር። የእሱ ቀረጥ በካናዳና በአሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት መሠረት በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ግሬግ ግን ነጻ ንግድ የሚባለውን ነገር ከልቡ አያምነውም። ቤተሰቦቹ ካልጋሪ አጠገብ፣ ኮክረን፣ ከብት ያረባሉ፤ አሜሪካኖቹ ስለ ካናዳ ከብትና ስንዴ ማጉረምረም ሲጀምሩ አባቱ ስልኩ ላይ ይጮሁበታል። "ሁሉም ስለ ነጻ ንግድ የሚያወራው የራሱ ላም እስኪነካ ነው" ይለኝ ነበር። ይኼ አባባሉ ያስቀኝ ነበር፤ የእኔ ሰው እስኪነካ።

ጋሼ ደምሴ የመጡት ሬተር ከሆንኩ በኋላ ነው። ታክሲ ይነዱ ነበር። ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው የአገር ልብስ ሊሸጡ አስበዋል። ሸማኔው አንጁሎ የባለቤታቸው ወንድም ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሁለት ልጆች የሚያሳድገው በዚያው እጁ ነው። "ገንዘብ ከምልክለት ሥራ ልላክለት ብዬ ነው" አሉኝ። ሐሳባቸው ልቤን ነካው። ይህ የመጀመሪያው ጭነት ከተሸጠ አንጁሎ ሥራ አለው፤ ካልተሸጠ የለውም።

ዕቃው በናይሮቢ ነጋዴ በኩል መጣ። ወረቀቱን ሳየው የተሠራበት አገር በሚለው ቦታ ኬንያ ተብሏል። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ዕቃው ከየት ነው?"

"ከናይሮቢ ነዋ! የላክሁልሽን ፔፐር አላየሽውም?"

"የመጣበትን አይደለም፣ የተሠራበትን ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ሽሮ ሜዳ ነው እንጂ! ኬንያ ደግሞ መቼ ነው ጥበብ የጠለፈችው?"

ችግሩን አስረዳኋቸው። ኬንያ ከሆነ በእንግሊዝ ዓምድ ይገባል፤ ኢትዮጵያ ከሆነ ከፍ ባለው። ለደሃ አገሮች የተቀመጠው ዓምድ ደግሞ ልብስ ላይ አይሠራም።

"እንግዲያው ኬንያ በይው" አሉኝ።

"አልችልም ጋሼ። አሁን አውቄአለሁ።"

"ነጋዴው ራሱ ኬንያ ብሎ የጻፈውን አንቺ ምን አገባሽ? የራስ ሰው እንዲህ ነው?" ብለው ዘጉብኝ። በማግስቱ መጥተው ወረቀታቸውን ተቀበሉኝ፤ ያለ ብሮከር ራሳቸው ሊያስጨርሱ።

ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። እኔ ግን ለብዙ ቀን፣ እውነቱን ስለተናገርኩ የአንድ ሰው ሱቅ ሳይከፈት ሊዘጋ ነው እያልኩ ተብሰለሰልኩ።

በሳምንቱ ጋሼ ደምሴ ደወሉ። "ሮማንዬ፣ ሣጥኑን ኢንስፔክት እናደርጋለን አሉኝ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፤ መጥተሽ አስተርጉሚልኝ።" ግሬግን ጠየቅሁት። "ሂጂ፤ በቢሮው ስም ግን አንድ ነገር እንዳትፈርሚ" አለኝ።

የጉምሩኩ መጋዘን በር ላይ ጋሼ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቁኝ። "እኔ ኬንያ ነው እላለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ተርጉሚ" አሉኝ። "የሚሉትን እተረጉማለሁ፣ የራሴን ግን ከጠየቁኝ አልዋሽም" አልኳቸው። ገላመጡኝ። ውሸቱ ከተያዘ ዕቃው እንደሚወረስ ሁለታችንም እናውቃለን።

መርማሪው ወጣት ካናዳዊ ነበር። የሣጥኑን ቴፕ ቀደደና አንድ ነጠላ አወጣ። ከማውጣቱ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እሱን አስተዋልኩ። ጥበቡን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ቆየና አንድ ነገር አለ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሼ ደምሴ።

"ኬንያዎች እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር፣ ጎበዞች ናቸው አለ።"

"እነማን?"

"ኬንያዎች።"

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ጣራውን አዩ። ሰውዬው ነጠላውን አጥፎ ሊመልስ ሲል ግን አልቻሉም።

"ኖ ኬንያ!" ብለው ጮኹ። "ማይ ዋይፍ ብራዘር! ኢትዮጵያ! ሽሮ ሜዳ!" ነጠላውን ከእጁ ተቀብለው ጠርዙን እያሳዩ "ሂም! ሂዝ ሀንድ!" አሉት።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። ምንም የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ራሳቸው ስለተናገሩ ዕቃውን አልወረሰም፤ ወረቀቱ እንዲስተካከል አደረገ፤ ቀረጡም ከፍ ባለው ዓምድ ተሰላ።

በመኪናቸው ወደ ሱቃቸው ተመለስን። ፓርክ ካደረጉ በኋላ "ያንን ሰምቼ ዝም ብል አንጁሎን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?" አሉ። ቀጥለው "ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ቅኝ ባለመገዛታችን ነው የምንቀጣው?" አሉኝ።

ጥያቄው ሲያብሰለስለኝ ከረመ። ዋምቡዪ የምትባል፣ ካገሯ ከኬንያ የቃጫ ቅርጫት የምታስመጣ ደንበኛ ነበረችን። አንድ ቀን ወረቀቷን እየሠራሁ "እናንተ ታድላችኋል፣ እንግሊዞቹ ዲስካውንት ትተውላችሁ ሄደዋል" ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

"አያቴ በገዛ መሬቱ ቡና መትከል ተከልክሎ የነጮቹን ቡና ሲለቅም ነው ያረጀው" አለችኝ። "ይቺን ቅናሽ የእሱ ደሞዝ አደረግሻት? ደግሞ ቃጫውን ጥሬውን ባመጣው ማንም ምንም አይለኝም። የምከፍለው ቅርጫት ስላደረግነው ነው።"

አፈርኩ። እሷ ስትወጣ የጥጥን ምዕራፍ ከፍቼ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ዓመታት የሠራሁበት መጽሐፍ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ወደ ጎን፣ ከዓምድ ወደ ዓምድ ነበር የማነበው። ጥሬው ጥጥ በነጻ ይገባል። ክሩ ይከፍላል፣ ጨርቁ ከክሩ ይብሳል፣ የተሰፋው ቀሚስ ከሁሉም ይብሳል። ቡናውም እንደዚያው ነው፤ ጥሬው በነጻ፣ የተቆላው በቀረጥ። በየትኛውም ዓምድ ብንሆን ከእኛ የሚፈለገው ጥሬው ነበር። ከጊዜ በኋላ የእንግሊዙ ዓምድ ጭራሽ ከመጽሐፉ ወጣ፤ የጥሬውና የተሠራው ነገር ግን ያኔም አልተለወጠም።

የጋሼ ደምሴ ሱቅ ተከፈተ። ልብሱ ግን ቀረጡ ዋጋው ላይ ስለተጨመረ አልሄድ አለ። የቴምፕል ሰፈር ያገራችን እናቶች እያገላበጡ ያደንቁና "ኧረ ጋሼ፣ ቱ ማች ነው! አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያመጣልናል" ብለው ይወጣሉ። ኪራዩ አይጠብቅም። አንድ ቀን ቢሮ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ቀረጥ የሌለበት ምን አለ?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ግን ከበደኝ። "ጥሬ ቡና" አልኳቸው።

ቡናው በጆንያ መጣ። ወረቀቱን እኔው ሠራሁት፤ በዚያው ዕለት አለፈ። ሱቁ ዳነ።

ለአንጁሎ ሲደውሉለት አጠገባቸው ነበርኩ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርገውታል። ልብስ ማስመጣት እንዳቆሙ ነገሩት። ከዚያ "ጋሼ፣ ሥራዬ ላይ ጉድለት አገኛችሁበት እንዴ?" አለ።

"የለም፣ የለም ወንድሜ..." አሉ። "አንቺ ንገሪው፣ ሥራሽ ነው" ብለው ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

ስለ ዓምድ ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት። "ጉድለት የለበትም" አልኩት። "ቀረጥ የበዛበት ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ነው።"

"ጥጡን ሳልፈትል፣ ሳልሸምን ብልከው ኖሮ ያልፍ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ፣ ያልፍ ነበር።"

"እንግዲያው እኔን አልፈለጉኝማ" አለ።

ፈቃዴን አውጥቼ ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ሥራ ኖርኩ። ለአዳዲሶቹ ሬተሮች ዓምዱን እንዴት እንደሚያነቡ አስተምር ነበር። ገጹን ከላይ ወደ ታችም እንዲያነቡ እነግራቸው ነበር፤ ማን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የተጻፈው እዚያ ነው።