ከመርዶው የቀደመ ፎቶ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ይጨንቀኛል። ጆሃንስበርግ ተቀምጬ የአውሮፓን ሕግ አጠናለሁ። ማኅበራዊ ሚዲያዎች የሰው ጽሑፍ ሲያነሱ ለምን እንዳነሱት ለባለቤቱ መንገር አለባቸው ይላል ሕጉ፤ ባለቤቱም ቅር ካለው ይግባኝ ማለት ይችላል። እኔ ደግሞ የሰጡትን ምክንያት እያነበብኩ፣ ይሄ በቂ ነው፣ ይሄ ሰውን መናቅ ነው እያልኩ እጽፋለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አብዛኞቹ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር ማለት ነው፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያላቸው የደቡብ ኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። ይህን አንድ ቀን ካስረዳኋቸው ወዲህ ስሜ "የኢንተርኔቷ ዳኛ" ሆኖ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ደወሉልኝ። እዚሁ ጆሃንስበርግ ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያለው ወንድማችን እናቱ ሆሳዕና ውስጥ ዐርፈዋል። መርዶ በጠራራ ፀሐይ ደንበኛ ፊት አይነገርምና፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ሊያረዱት ተነጋግረዋል። አገር ቤት ያለ የአጎቱ ልጅ ግን የሴትዮዋን ፎቶ ከሻማ ጋር አድርጎ "አክስታችን ወደ ጌታ ሄደች" ብሎ ለጥፎታል።

"እህቴ፣ አንቺ የምታጠኚው ይህንኑ አይደል?" አሉኝ። "ጨርሶ ይጥፋ አንልም። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይነሳልን።"

"ለለጠፈው ሰው ደውላችሁ ራሱ አንሳው ብትሉትስ?"

"ስልኩ ዝግ ነው። ለቀብሩ ወደ ገጠር ወርዷል መሰለኝ።"

እሺ አልኩ። ምን ይዤ እሺ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ሪፖርት የሚለውን ስነካው ምክንያት ምረጪ አለኝ፦ ጥላቻ፣ ዓመፅ፣ ራቁትነት፣ ማጭበርበር፣ ሐሰተኛ መረጃ። ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አነበብኩት። ልጃቸው ገና አልተረዳም የሚል የለም። ሕጉንም በሐሳቤ አገላበጥኩት። እናት ሞተች ብሎ መጻፍ በየትኛው አገር ነው ሕገወጥ? ደግሞስ የአውሮፓ ሕግ ኮዝሞ ሲቲ ምን ሥልጣን አለው? የሰውን ድምፅ ያለ በቂ ምክንያት ያፍናሉ ብዬ ስጽፍ የከረምኩት ሴትዮ፣ የአንድ ሐዘንተኛን ጽሑፍ የማስነሳበት ሰበብ አጣሁ ብዬ ተቃጠልኩ። በየትኛው ወገን እንደቆምኩ ግራ ገባኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሐሰተኛ መረጃ የሚለውን መረጥኩ። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ ማለቴ ነው እንግዲህ። አፈርኩ።

መልሱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። አይተነዋል፣ ደንባችንን አልጣሰም፣ ካልተስማማሽ እንደገና እንዲታይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ፣ ቃሉም ትሑት ነበር። ለጥናቴ ቢሆን ኖሮ በጥሩ ምሳሌነት እጠቅሰው ነበር። እዚያው ስልኬን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ለሽማግሌው ደውዬ አልሆነም ስላቸው "ግድ የለሽም፣ እኛም ዘዴ አለን" አሉኝ። ዘዴው ሌላኛው ሽማግሌ ሱቁ ሄደው፣ ስልኬ ተበላሸብኝ ብለው፣ የባለሱቁን ስልክ መዋስ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና እስኪመሽ ድረስ ስልኩን ከእጃቸው ሳያወጡ ዋሉ። ከተማው ውስጥ ላለ ሐበሻ ሁሉ ሳይደውሉ አልቀሩም፤ ለእኔም ሁለቴ ደውለው ሰላም አሉኝ። ባለሱቁ ግን የአይርታይም ካርዴን ጨረሱት እንኳ አላለም። ዳቦ እየሸጠ፣ የገባውን ደንበኛ ሁሉ በዙሉኛ "ሳውቦና" እያለ ሰላም ሲል ዋለ። ይህን ሲነግሩኝ ከልቤ ሳቅሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሁለት መኪና ኮዝሞ ሲቲ ደረስን። ከሱቁ ጀርባ የሚተኛበትን ክፍል ስናንኳኳ ወዲያው ከፈተልን። ልብሱን ለብሷል። አልጋው ተነጥፏል። የለስላሳ ሳጥኖች ከሱቁ አውጥቶ ለመቀመጫ ዙሪያውን ደርድሯል። የደወሉልኝ ሽማግሌ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ።

"ምነው ዘገያችሁ?" አለን። "ትናንት ሱቁን ሳልከፍት ነው እኮ ያየሁት።"

"ታዲያ ሆድ ይፍጀው ብለህ ስትሸጥ ዋልክ?" አልኩት እኔ።

"ምን ላድርግ እህቴ? ስልክ አይቶ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው አለ? ሰው ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሼ ስልኬን ሲይዙብኝ ደግሞ ነገ እንደምትመጡ ገባኝ።"

አንጀቴን በላው። ይነሳ፣ ይጥፋ ስንል የዋልነው ለማን ነበር? ያ ፎቶ በጊዜ ቢነሳለት ይሻለው ነበር፣ ወይስ እኛ በጊዜ ብንደርስለት? ይህን ለየትኛው ክፍል ሪፖርት እንደሚያደርጉት አላውቅም።

እሱ አንዱ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው።

"እንግዲህ ይንገሩኝ" አላቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምንም ላልሰማ ሰው እንደሚነገረው አድርገው፣ እናቱ መታመማቸውን፣ ወደ ሆስፒታል መወሰዳቸውን፣ ጌታ እንደ ጠራቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ቀስ ብለው ነገሩት። እሱም ገና ያን ጊዜ እንደ ሰማ ሰው "እማዬ" ብሎ ጮኸ።