ፎቅ ላይ ያለው ክፍል

ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትደርስ የምትማርበት ክፍል ፎቅ ላይ ሆነ። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አይታዘዙላትም፤ ጭንቅላቷና አንደበቷ ግን ከማንም አያንሱም። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን አዝያት ወርጄ፣ ምድር ላይ ካለው ክፍሏ አስቀምጬ፣ ሽንኩርትና ድንች ወደምሸጥበት ገበያ እሮጥ ነበር። አንድ ጊዜ ዊልቸር አግኝተን ነበር፤ የኮብልስቶኑ ቁልቁለት የፊት ጎማውን ሰበረውና የሚጠግነው አጣን።

ወደ ፎቁ የሚያወጣውን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልጆቹ በግራና በቀኝ እየተሽሎከለኩ ያልፉናል።

"እማ፣ አውርጂኝ። እየዳህሁ ልውጣ" አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

"አርፈሽ አንገቴን ያዢ!" አልኳት። ጀርባዬ እንደ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"እናቴ፣ የምድሩ ክፍሎች ለትንንሾቹ ናቸው። ለአንድ ልጅ ብዬ እንዴት ሁሉን ላዛውር?"

"ታዲያ የኔዋ ምን ትሁን?"

"አባቷ ቄስ አይደሉ? ቤት ቢያስተምሯትስ?"

ተነስቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ አለበት፤ መሸከሙ የኔ ፋንታ ነበር። ማታ ማታ ወገቤን ይዤ ሳቃስት ልጄ እንዳትሰማ አፌን በነጠላዬ አፍናለሁ።

አንድ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ከሰዓቴ ቀድሜ ልወስዳት ሄድኩ። ተማሪው በሙሉ ለስፖርት ወርዶ ሜዳው ላይ ይጯጯሃል። ልጄ ፎቅ ላይ ብቻዋን ነበረች። ቀሚሷ እርጥብ ነው፤ ሽንቷ ዴስኩ ሥርም ወርዷል። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ልትሸፍነው ትሞክራለች።

"ምነው ሰው አልጠራሽም?"

"ማንን ልጥራ? ሁሉም ወርደዋል።" ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። "ጠዋት ምንም አልጠጣም እኮ፣ እማ። ዛሬ ግን በጣም ጠማኝ።"

ቁርስ ላይ ሻይዋን ስትገፋ "አመል ነው" እያልኩ ስቆጣት ከርሜያለሁ። እዚያው ወለሉን በነጠላዬ እየወለወልኩ አለቀስኩ።

ቤት ስንደርስ "ከዛሬ ወዲያ ትቅር። እኔም አልቻልኩም፣ እሷም ተዋረደች" አልኩት ለባለቤቴ። በማግስቱ ግን ቅዳሴውን ባልንጀራው እንዲሸፍንለት ለምኖ፣ ጥምጣሙን እንዳደረገ ልጁን አዝሎ ወጣ። አስቀምጧት አልተመለሰም። ከክፍሉ በር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በየቀኑም እንዲሁ አደረገ።

መምህራኑ መስቀሉን ተሳልመው ግራ ይጋባሉ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ራሱ መጣ።

"አባ፣ ምነው እዚህ መሬት ላይ?"

"ልጄ ውሃ እንድትጠጣ ነው" አለው።

ሰውየው ነገሩን ጠይቆ ሲረዳ ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ክፍሉ ወደ ምድር ወረደ። ልጄ እንደ ልቧ ጠጣች፤ ጓደኞቿም ደግፈው ሜዳው ዳር ያስቀምጧት ጀመር።

እኔ ግን ያኔ ወገቤ ሄዷል። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ከባድ ነገር አታንሺ" ብሎኛል። ከባዱ ነገር ልጄ ናት። አባቷም በየጠዋቱ ከመቅደስ መቅረት አይችልም፤ በቀረባቸው ቀናት ተራውን ለሌላ ሰጥተውበታል። አንዳንድ ቀን ባጃጅ እናገኛለን፤ አውጥቶ ማውረዱ ስለሚያታክተው አይቷት የሚያልፈን ሾፌርም አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። በዚያ ላይ እሷ በየወሩ ቁመት ትጨምራለች። የሌላ ሰው ልጅ ሲያድግ ደስታ ነው፤ እኔ ግን ቀሚሷ ባጠረ ቁጥር ማን ይሸከማታል እላለሁ።

ሰሞኑን ድንች ስለይ አጠገቤ ተቀምጣ "እማ፣ ስምንተኛን ስጨርስ የምገባበት ትምህርት ቤት ሩቅ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ሩቅ ነው" አልኳት። ከዚያ ሌላ ድንች አነሳሁ።